አንጋፋውን መቼ ማሰናበት? የአውስትራሊያ ፉትቦል አሰልጣኞች ፈተና

የዛሬው ዝግጅታችን ወደ አውስትራሊያ ይወስደናል፤ የአገሩ ሰው በፍቅር «ፉቲ» ብሎ ወደሚጠራው ጨዋታ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ፤ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2008 በዚህ ጨዋታ ዋና ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ ሆውቶርን እና ጂሎንግ የተባሉ ክለቦች ተገናኙ። ቦታው የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ፣ ተመልካቹ ከ100 ሺህ በላይ። ጂሎንግ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው፤ በዚያም ዓመት እስከ ፍጻሜው ድረስ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሆውቶርን በአንጻሩ ገና ልጆች የበዙበት ቡድን ነው። ጨዋታው እየጋለ ሲሄድ የሆውቶርን ተከላካዮች አንድ እንግዳ ነገር ያደርጉ ጀመር። ጂሎንግ ሲያጨናንቃቸው ኳሷን በራሳቸው የጎል መስመር ያሳልፉና ለባላጋራቸው ነጥብ ይሰጣሉ። የዚህ ዓይነት ነጥብ በዚያ ቀን 11 ጊዜ ተመዘገበ፤ አብዛኛው ሆን ተብሎ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሆውቶርን 115 ለ 89 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

እግር ኳስ ለለመደ ጆሮ ይህ እብደት ነው። ነገሩ የሚገባን ሕጉን ስናውቅ ነውና በአጭሩ ልንገራችሁ። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሷም ሞላላ ናት። በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ይፈቀዳል፤ መሬት እያስነኩ። መወርወር ግን ክልክል ነው። ለጓደኛ ማቀበል የሚቻለው በእግር በመምታት፣ ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው በቡጢ በመግፋት ነው። ከ15 ሜትር ያላነሰ ርቀት በእግር የተመታችን ኳስ መሬት ሳትነካ የቀለበ ሰው ደግሞ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ የመምታት መብት ያገኛል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ሕግ የለም፤ አጥቂው ደስ ያለው ቦታ መቆም ይችላል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። በሁለቱ መሃለኛ ቋሚዎች መካከል በአጥቂ እግር ተመትታ የገባች ኳስ 6 ነጥብ ናት። በመሃለኛውና በዳሩ ቋሚ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ። ተከላካይ ራሱ በየትኛውም በኩል ካሳለፋት ያው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላም ኳሷን ከጎሉ ፊት መትቶ የሚያስጀምረው የተከላካዩ ቡድን ነው።

እንግዲህ የሆውቶርን ሒሳብ ግልጽ ይሆናል። አንድ ነጥብ ሰጥቶ ስድስት ማዳን፤ በዚያ ላይ ኳሷን መልሶ ማግኘትና ቡድኑን እንደገና ማሰለፍ። ሕጉ አልከለከለም ነበር። በዓመቱ ግን ሊጉ ከለከለ፤ ከ2009 ጀምሮ ባላጋራ ሳያጨናንቀው ሆን ብሎ ነጥብ የሰጠ ተከላካይ ቅጣት ምት ያስከትላል። አንድ አሰልጣኝ የሕግ መጽሐፍ ሲያስለውጥ ሥራውን አውቋል ማለት ነው፤ የእኔ አስተያየት ይህ ነው።

ያ አሰልጣኝ አላስተር ክላርክሰን ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፣ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ክላርክሰን በዚያ ዘመን ይበልጥ የታወቀው በሌላ ዘዴ ነው። ከእሱ በፊት መከላከል በአብዛኛው ሰው በሰው ነበር፤ እያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን አጥቂ ይዞ ይውላል። ክላርክሰን ተጫዋቾቹን ሰው ትተው ቦታ እንዲጠብቁ አደረገ። ባላጋራው ኳሷን ሊመታ ወደሚችልበት አቅጣጫ 18ቱም በመደዳ በመደዳ ተበትነው ይቆማሉ፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትሄድ ሁሉም ወደ ግራ። መቺው ቀና ብሎ ሲያይ ነጻ ሰው ያጣል። የግዱን ሩቅ ይመታል፤ ኳሷም እዚያ የተዘጋጀ የሆውቶርን ሰው እጅ ላይ ትወድቃለች። የሜልበርን ጋዜጠኞች «የክላርክሰን ክምችት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡለት። ዛሬ በሊጉ የዚህ ዝርያ ያልሆነ መከላከያ ማግኘት ያስቸግራል። ሊጉ ራሱ በ2019 በመሃል ሜዳ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር እያንዳንዱ ቡድን በኋላ ስድስት፣ በመሃል ስድስት፣ በፊት ስድስት ሰው እንዲያቆም ያስገደደው እንዲህ ያለው አጥር ጎል ስላሳነሰበት ነው።

ይህ ዘዴ አንድ ደካማ ጎን አለው። አንድ ሰው ሦስት እርምጃ ቢዘገይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የ17ቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በየቅጽበቱ «ግባ! ተመለስ! ዝጋ!» የሚል ድምፅ ያስፈልጋል። ድምፁ ከየት ይመጣል? ከአሰልጣኙ ሊመጣ አይችልም። የሜልበርኑ ሜዳ ርዝመቱ ወደ 160 ሜትር ይጠጋል፤ በፍጻሜ ቀን መቶ ሺህ ሰው ይጮኻል። አብዛኞቹ አሰልጣኞችም የሚቀመጡት በመስመሩ ዳር ሳይሆን ከተመልካቹ በላይ ባለ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፤ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር የሚደውሉት በስልክ። ቀድሞ ወደ ሜዳ እየሮጠ የሚገባ መልእክተኛ ነበራቸው፤ ከ2019 ወዲህ እሱም የሚገባው ጎል ከተቆጠረ በኋላ ብቻ ነው።

በድሮው ጊዜ አንድ ንግግር ጨዋታ ይለውጥ ነበር። በ1970 ፍጻሜ ካርልተን በእረፍት ሰዓት በኮሊንግውድ በ44 ነጥብ ተመርቶ መልበሻ ክፍል ገባ። አሰልጣኙ ሮን ባራሲ ኳሷን በእጅ እየተቀባበሉ በፍጥነት እንዲያጠቁ አዘዘ። ቴድ ሆፕኪንስ የተባለ ተቀያሪ አስገባ፤ ልጁ አራት ጎል አገባ፤ ካርልተን በ10 ነጥብ አሸነፈ። በዚያ ቀን 121,696 ሰው ሜዳ ገብቶ ነበር፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተደገመም። ሆፕኪንስ በኋላ የጨዋታውን አኃዝ የሚመዘግበውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ የዛሬ አሰልጣኞች በመስታወቱ ክፍል ውስጥ የሚያዩት ቁጥር ከዚያ የሚመጣ ነው። በዛሬው ጨዋታ ግን የእረፍት ሰዓት ንግግር አይበቃም። ትእዛዙ ሜዳ ላይ፣ እየሮጠ ባለ ሰው አፍ መሰጠት አለበት። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከ30 ያለፈ፣ እግሩ የከበደ አንጋፋ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን እዚህ ላይ ይጀምራል። አንጋፋው መቼ ይሰናበት?

የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ አድማጮች «አዲስ ተጫዋች ይግዛና ይተካው» ትሉ ይሆናል። እዚያ አይቻልም። ክለብ ከክለብ ተጫዋች በገንዘብ አይገዛም፤ ተጫዋች በተጫዋች ወይም በምርጫ ተራ ይለዋወጣል። ለሁሉም ክለብ የደመወዝ ጣሪያ ተቀምጧል። መውረድና መውጣት የለም፤ 18 ክለቦች በየዓመቱ እነዚያው ናቸው። አዳዲስ ታዳጊዎች የሚከፋፈሉት ከ1986 ጀምሮ በሚካሄደው ድራፍት ነው። በድራፍቱ መጀመሪያ የሚመርጠው በሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ክለብ ነው፤ ሻምፒዮኑ ከሁሉም በኋላ ይመርጣል። የዚህ ሥርዓት ዓላማ ኃያሉን ማውረድ፣ ደካማውን ማንሳት ነው። እርግጥ ሥርዓቱ ሐሜትም አመጣ። በ2013 ሊጉ ሜልበርን የተባለውን ክለብ መርምሮ 500 ሺህ ዶላር ቀጣው፤ ሆን ብሎ ጨዋታ መሸነፉ ግን አልተረጋገጠበትም።

ሁለት የጎን በሮችም አሉ። አንዱ የአባትና ልጅ ደንብ ነው፤ አባቱ ለክለቡ 100 ጨዋታ ከተጫወተ ልጁን ያ ክለብ በቅድሚያ መውሰድ ይችላል። ሌላው ክለቦች ራሳቸው የሚያቋቁሟቸው አካዳሚዎች ናቸው፤ በተለይ ከስደተኛና ከነባር ሕዝቦች ቤተሰብ ለሚመጡ ልጆች። በዚህ በር ካለፉት አንዱ ቻንኩኦት ጂያት ነው። ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ አውስትራሊያ ገባ፤ በሆውቶርን አካዳሚ በኩል አልፎም ለዚያው ክለብ ተሰለፈ።

አሁን ወደ ክላርክሰን እንመለስ። ሆውቶርንን ሲረከብ ክለቡ በ2004 ከ16 ቡድን 15ኛ ወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ድራፍት ጃሪድ ራፍሄድን በ2ኛ፣ ላንስ ፍራንክሊንን በ5ኛ፣ ጆርዳን ሉዊስን በ7ኛ ተራ ወሰዱ። ሦስቱም በ2008ቱ ፍጻሜ ተሰለፉ፤ ፍራንክሊን በዚያ ዓመት 113 ጎል አገባ። ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ ሦስት ዋንጫ በተከታታይ መጣ። በመሃሉ ፍራንክሊን ወደ ሲድኒ ሄዶ ነበር። በ2014 ፍጻሜ ሆውቶርን የቀድሞ ኮከቡን አዲስ ቡድን በ63 ነጥብ ረታው፤ ዘዴው ከኮከቡ እንደሚበልጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

በ2016 መጨረሻ ክላርክሰን ከባዱን ውሳኔ ወሰነ። ሳም ሚቸል በዚያው ዓመት የክለቡ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። ሉዊስም ገና የሚፈለግ ሰው ነበር። ሁለቱንም ለሌሎች ክለቦች አሳልፎ ሰጠና ወጣቶችን ተካ። ደጋፊው ደነገጠ። በ2018 ቡድኑ 4ኛ ሲወጣ ውሳኔው ትክክል መሰለ፤ ከዚያ ግን ቁልቁል ተንሸራተተ። ክላርክሰን በ2021 ተሰናበተ። ወንበሩን የወሰደው ማን ነው? ያው የተሸኘው ሚቸል። ሚቸልም ተራውን ጠራረገ፤ የመሃል ሜዳ አንጋፋዎቹን ሸኝቶ በወጣቶች ገባ፤ በ2023 16ኛ ወጣ። በ2024 የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ከዚያ ልጆቹ ተነሱና ለዋንጫ ማጣሪያ ባለፉት ምርጥ ስምንት ውስጥ ገቡ፤ አንድ ዙር አልፈው በፖርት አደሌይድ በሦስት ነጥብ ብቻ ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚቸል ወደ ብሪዝበን ሄዶ የነበረውን የሦስት ዋንጫ ባለቤት ጃክ ጋንስተንን ከአንድ ዓመት በኋላ መልሶ አምጥቶታል። ጋንስተን በ33 ዓመቱ የቡድኑ ቀዳሚ ጎል አግቢ ሆነ። ሁሉን አፍርሶ የሠራ የተባለው ቡድን እንኳ ያለ ሽማግሌ አልቆመም።

ጂሎንግ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። አሰልጣኙ ክሪስ ስኮት በ2011 ሥራ በጀመረበት ዓመት ዋንጫ አነሳ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ባሉት 15 የውድድር ዓመታት ከምርጥ ስምንት የቀረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ከላይ የሚቀመጥ ክለብ ጥሩ ልጅ አያገኝም በሚባልበት ሊግ ይህ ከዘዴ በላይ ነው። ስኮት አላፈረሰም። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቀዳዳ ደፈነ። ፓትሪክ ዴንጀርፊልድን ከአደሌይድ፣ ጄረሚ ካሜሮንን ከሲድኒ ጎረቤት ቡድን አመጣ። ማንም ያላየውን ቶም ስቱዋርትን በ23 ዓመቱ፣ በድራፍት 40ኛ ተራ ወስዶ ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ አደረገው። «ሽማግሌ ቡድን» እየተባለ ተዘበተበት፤ በ2021 በግማሽ ፍጻሜ በ83 ነጥብ ሲዋረድ ደግሞ አለቀለት ተባለ።

ስኮት በሚቀጥለው ዓመት የለወጠው ሰዎቹን ሳይሆን አጨዋወቱን ነው። ኳሷን አዘግይቶ፣ በዳር በኩል በጥንቃቄ የሚያሻግረው ቡድን በመሃል ሰንጥቆ በፍጥነት ማጥቃት ጀመረ። አንጋፋዎቹንም በፈረቃ አሳረፈ፤ ዴንጀርፊልድ በውድድሩ አጋማሽ ለሳምንታት ከሜዳ ርቆ አካሉን አዘጋጀ። በሊጉ ታሪክ በአማካይ ዕድሜው ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ቡድን የ2022ቱን ፍጻሜ ሲድኒን በ81 ነጥብ ደምስሶ ወሰደ። አምበሉ ጆኤል ሴልውድ አራተኛ ዋንጫውን አንስቶ፣ በ355ኛ ጨዋታው ጫማውን ሰቀለ። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ የተሸለመው ደግሞ የ33 ዓመቱ አይዛክ ስሚዝ ነው፤ ሽልማቱን በዚህ ዕድሜ ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም። ስሚዝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለሆውቶርን ሦስት ዋንጫ ያነሳ፣ በ2020 መጨረሻ ወደ ጂሎንግ የተሻገረ ሰው ነው። ከአንዱ ክለብ በወጣው ሰው ሌላው ዋንጫ በላበት።

ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም እንደ ጂሎንግ ያድርግ» ማለት ግን አይቻልም። ጂሎንግ ከሜልበርን ደቡብ ምዕራብ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ተጫዋቾች ቤተሰብ ይዘው ሊኖሩባት ይመኟታል፤ ዴንጀርፊልድ ራሱ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። የአባትና ልጅ ደንብም እንደ ጂሎንግ ያደለው ጥቂት ነው። ይህ ዕድል ለሌላው አይበደርም።

አሁን መራራውን ምሳሌ እናንሳ። ኖርዝ ሜልበርን የ2016ን ውድድር በዘጠኝ ተከታታይ ድል ጀመረ። መጨረሻው ግን አላማረም፤ 8ኛ ወጣ። በዚያው ወቅት ክለቡ አራት አንጋፋዎችን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ከነሱ አንዱ የ38 ዓመቱ ብሬንት ሃርቪ ነው፤ 432 ጨዋታ ተጫውቷል፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ ይህን ያህል የተጫወተ አልነበረም። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፦ እርጅናን አስወግድ፣ ወጣት ሰብስብ። ውጤቱን ልንገራችሁ። ከ2020 እስከ 2025 ክለቡ 17ኛ፣ 18ኛ፣ 18ኛ፣ 17ኛ፣ 17ኛ፣ 16ኛ ወጣ። በአብዛኞቹ ዓመታት የድራፍቱን ምርጥ ልጆች አገኘ። በ2021 በ1ኛ ተራ የወሰደው ጄሰን ሆርን ፍራንሲስ ግን በአንድ ዓመቱ ክለቡን ትቶ ወደ ፖርት አደሌይድ ሄደ። በ2023 ቡድኑን የተረከበውስ? ያው ክላርክሰን፣ የአራት ዋንጫ ባለቤት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያሸነፈው ሦስት ሦስት ጨዋታ ነው። ዘዴው አልተረሳውም፤ ሜዳ ላይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት አንጋፋ ግን እጅግ ጥቂት ነበር።

ብሪዝበን ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ክሪስ ፌገን በሆውቶርን ከክላርክሰን ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ ራሱ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2017 ብሪዝበንን ሲረከብ ቡድኑ መጨረሻ ወጣ፤ አምስት ድል ብቻ። በዚያን ጊዜ የሆውቶርን የቀድሞ አምበል ሉክ ሆጅ ጫማ ሊሰቅል ተዘጋጅቶ ነበር። ፌገን አግባብቶ ወደ ብሪዝበን አመጣው። ሆጅ ሁለት ዓመት ከኋላ ቆሞ ልጆቹን ሲያሰልፍ፣ ሲገስጽ፣ ቦታ ሲያስይዝ ቆየ። እግሩ እንደ ድሮው አልነበረም፤ የተፈለገው ግን እግሩ አይደለም። በ2018ም ድሉ አምስት ብቻ ነበር፤ በ2019 ግን ብሪዝበን በመደበኛው ውድድር 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ፤ በሁለተኛው ፍጻሜ ጂሎንግን በ47 ነጥብ አሸንፎ። በሁለቱም ፍጻሜ ኮከብ የተባለው ዊል አሽክሮፍት ነው፤ በአባትና ልጅ ደንብ የመጣ ወጣት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። አንጋፋን በማሰናበት ረገድ ሆውቶርን ደፋር፣ ጂሎንግ ዕድለኛና ብልህ ነው። ለተራ ክለብ የሚበጀው ግን የብሪዝበን መንገድ ነው፤ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ላለ ክለብም ይቻላል። ወጣት ስትሰበስብ የሚያስተምረውን ሰው አብረህ ቅጠር፤ ከመስታወቱ ክፍል ሳይሆን ከሜዳው ላይ።

ጨዋታውን ማየት ለምትፈልጉ፦ ውድድሩ ከመጋቢት እስከ መስከረም ይካሄዳል። ፍጻሜው አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ነው፤ በእኛ መስከረም አጋማሽ ማለት ነው። የ2025ቱ በመስቀል ዕለት ነበር የዋለው። በተለምዶ በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ስታዩ ኳሷን ለጊዜው ተዉዋትና ከኋላ እጁን እየዘረጋ የሚጮኸውን ተጫዋች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የቡድኑ ሽማግሌ እሱ ነው።